ከቀፊራ ወደ ደንገጎ፤ ክብደትና ጭነት በመኪና ላይ ስለሚሠሩት ሥራ

ማለዳ በድሬዳዋ ከተማ ወደ ቀፊራ ገበያ ብቅ ያለ ሰው ሁለት ዐይነት ጭነት ያያል። አንደኛው ከደጋው፣ ከሐረማያና ከአወዳይ አካባቢ፣ ሌሊቱን የወረደው ድንችና ሽንኩርት፣ ጎመንና ጫት ነው። ሁለተኛው ከቆላው ወደ ደጋ ሊወጣ የተዘጋጀው ስኳርና ጨው፣ ዘይትና ጨርቅ፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነው። ተሸካሚው መኪና ብዙ ጊዜ ያው አንዱ ነው፤ የወረደውን አራግፎ የሚወጣውን ይጭናል።

በዚሁ ገበያ ቆመን ጭነት ሲጫን በምንመለከትበት ጊዜ ከሾፌሮችም ከጫኝና አውራጆችም አፍ ደጋግመን የሰማነው አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «ባዶ መኪና ይዘላል፤ የተጫነ መኪና ግን መሬት ይይዛል» የሚል ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይህ አነጋገር ነው። ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት ቢሆን ኖሮ እርሱን ማስተባበል ቀላል በሆነልን ነበር። ነገር ግን እውነትነት አለው፤ የሚያሰጋውም እውነትነት ያለው መሆኑ ነው። እስከ ምን ድረስ እውነት እንደ ሆነና ከየት ላይ እውነትነቱ እንደሚያልቅ በቁጥር ለማሳየት እንሞክራለን።

ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው በክብደት ምክንያት ነው ብንል አንባቢው ቀልድ እንዳይመስለው እንለምናለን። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በመጀመሪያ እንዲደርስ የታሰበው ሐረር ነበረ። ሥራው ከተራራው እግር ሲቃረብ ግን ዐቀበቱ ለባቡር የማይቀመስ ሆኖ ተገኘ። የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ ያለው የመያዝ ኀይል፣ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ካለው ኀይል እጅግ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ከባድ ባቡር በየመቶ ሜትሩ ከሁለትና ከሦስት ሜትር በላይ የሚያሻቅብ መንገድ አይሆንለትም። እንግዲህ ሐዲዱ ሐረርን በተራራው ላይ ትቶ በ1895 ዓ.ም. ከሜዳው ደረሰ፤ በዚያም በመጀመሪያው ዘመን «አዲስ ሐረር» የተባለችው ከተማ ተመሠረተች። ባቡር እምቢ ያለውን ያንን ዐቀበት ዛሬ የሚወጣው ካሚዮን ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ የሐረማያ ሜዳ ደግሞ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በመካከላቸው ያለው የ800 ሜትር ልዩነት የሚያልቀው በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነው። ከዚህ በታች ለምናቀርበው ስሌት መነሻችን ይህ 800 ሜትር ነው።

ለስሌቱ እንዲመቸን አንድ ካሚዮን በሐሳባችን እናቁም። ባዶውን 3,000 ኪሎ ይመዝናል፤ ፋብሪካው የፈቀደለት ጭነት 50 ኩንታል፣ ማለት 5,000 ኪሎ ነው፤ በልኩ ሲጫን ጠቅላላ ክብደቱ 8,000 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። በገበያው ሰው ሁሉ «አይሱዙ» እያለ የሚጠራቸው መካከለኛ የጭነት መኪናዎች ከዚህ መጠን ብዙ አይርቁም። አሁን ባለቤቱ የመጫኛውን ሳንቃ ከፍ አስደርጎ 80 ኩንታል ጫነበት እንበል። ጠቅላላ ክብደቱ 11,000 ኪሎ ሆነ።

መጀመሪያ ዐቀበቱን እንይ። 8,000 ኪሎ ክብደት 800 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት 63 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 36 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ሞተሩ ግን ከዚህ ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሲሶውን እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ የቀረው በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ይባክናል። ስለዚህ ይህን ክብደት ከፍ ለማድረግ ብቻ ስድስት ሊትር ያህል ናፍጣ ይፈጃል። 11,000 ኪሎ ሲሆን ስምንት ሊትር ይሆናል። ለመንከባለልና ነፋሱን ለመግፋት የሚወጣው ከዚህ ውጭ ነው።

ይህን ቁጥር በኩንታል ስንመነዝረው የገበያው ነጋዴና የመኪናው ባለቤት ለምን እንደሚጭኑ ግልጽ ሆኖ ይታያል። አንድ ኩንታል ዕቃ ከድሬዳዋ እስከ ሐረማያ ሜዳ ከፍታ ድረስ ለማንሣት የሚያስፈልገው ናፍጣ ከአንድ ዲሲ ሊትር ያነሰ ነው፤ አንድ የቡና ስኒ ቢሞላ ነው። ባለመኪናው ከፈቃዱ በላይ በሚጭነው በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ ሙሉ የጭነት ዋጋ ይቀበላል፤ ለዐቀበቱ የሚከፍለው ግን አንድ ስኒ ናፍጣ ነው። በዚህ ሒሳብ የማይፈተን ነጋዴ አለ ብለን አናምንም። ሒሳቡ ግን ግማሹ ብቻ ነው፤ የቀረው ግማሽ የሚከፈለው በመውረጃው ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ስለ ሞተሩ ጥቂት እንጨምር። ነፋሱን ያለ መጭመቂያ የሚስብ ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል፤ ነፋሱ ስለሚሳሳ ነው። ስለዚህ በጅቡቲ ወደብ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ድሬዳዋ ሲደርስ 88፣ ደንገጎ ራስ ላይ ሲወጣ 80 ያህል ብቻ ይቀረዋል። ቱርቦ ያለው ሞተር ጉዳቱ ያነሰ ነው። ጭነት የበዛበት መኪና በዚህ በተቀነሰ ጉልበት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ሲወጣ፣ ሞተሩ ብዙ እየሠራ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ግን ጥቂት ይሆናል። በድሬዳዋ ሙቀት የውሃ መፍላት የሚበዛው ስለዚህ ነው። መፍላቱ መኪናውን ያቆመዋል እንጂ ሰው አይገድልም፤ ስለዚህ ወደሚገድለው እንለፍ።

መኪናው ዐቀበቱን ሲወጣ የተቀበለው 63 ሚሊዮን ጁል አልጠፋም። ከደጋው ሽንኩርትና ድንች ጭኖ ወደ ቀፊራ ሲመለስ ያ ጉልበት በሙሉ መውጫ ይፈልጋል። ጥቂቱን ነፋሱና ጎማው ይወስዱለታል፤ ከዚያ የተረፈውን የሚሸከሙት ሞተሩና ፍሬኑ ናቸው። ፍሬን ማለት የመኪናን ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ ነው፤ የፍሬን ሸራው ታምቡሩን ሲፈትግ ሙቀት ይወለዳል፣ ሙቀቱም ወደ ነፋስ ይሄዳል። 63 ሚሊዮን ጁል ምን ያህል ሙቀት እንደ ሆነ ለመረዳት ባለ 200 ሊትር በርሚል ውሃ ሞልተን እናስብ። ያን በርሚል ውሃ ድሬዳዋ ላይ ለማፍላት የሚያስፈልገው ሙቀት ከዚህ ጋራ እኩል ነው። መኪናው ባዶውን ቢወርድ የሚፈላው ውሃ 75 ሊትር ያህል ነው፤ 80 ኩንታል ጭኖ ቢወርድ ግን 270 ሊትር ይሆናል። የታምቡሩ ብረት ግን በሦስቱም ጊዜ ያው ነው፤ ስለ ተጫነበት አይወፍርም።

ሌላም መለኪያ አለ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድን መኪና በፍሬን አንድ ጊዜ ፈጽሞ ማቆም የሚያወጣውን ሙቀት ከደንገጎ መውረድ ከሚያወጣው ጋራ ብናስተያይ፣ መውረዱ ከ56 ጊዜ ማቆም ጋራ ይተካከላል። ሾፌሩ ሞተሩን ሳይጠቀም በፍሬን ብቻ ቢወርድ፣ ሳያቋርጥ ሃምሳ ስድስት ጊዜ ከ60 እንደ ቆመ ያህል ነው። በሜዳ ላይ ይህን ያህል ጊዜ ደጋግሞ የሚያቆም ሾፌር በዓለም ላይ ያለ አይመስለንም።

የፍሬን ሸራ ከልኩ በላይ ሲግል የመያዝ ኀይሉ ይደክማል። ታምቡሩም ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሾፌሩ ፔዳሉ ወደ ታች ሲሰምጥበት ይሰማዋል። በፍሬን ቱቦው ውስጥ ያለው ዘይት ውሃ የገባበትና ያረጀ ከሆነ ይፈላል፤ የፈላ ዘይት እንፋሎት አለበት፣ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ አይገፋም፤ በዚያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። «ፍሬን በጠሰ» እየተባለ ከሚነገረው አደጋ ብዙው፣ የተበጠሰ ነገር ሳይኖር፣ ከዚህ ዐይነት ግለት የመጣ ነው። መኪናው ቆሞ ሲበርድ ፍሬኑ ሊመለስ ስለሚችል ኋላ ለሚመረምረው ሰው ምንም ጉድለት ላይታየው ይችላል።

ርቀቱን በቁጥር እናስቀምጥ። የዚህ መኪና ፍሬን በልኩ ሲጫን፣ ማለት በ8,000 ኪሎ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሜዳ ላይ በ28 ሜትር የሚያቆመው ነው እንበል። ሰባት በመቶ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ይኸው ፍሬን የሚያቆመው በ32 ሜትር ነው። 80 ኩንታል ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ 47 ሜትር ያስፈልገዋል። ፍሬኑ ግሎ ኀይሉ በግማሽ ቢቀንስ ደግሞ በልኩ የተጫነው በ77 ሜትር ይቆማል፤ ከልክ በላይ የተጫነው ግን 123 ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ላይ ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ በአንድ ሰከንድ የሚሄደው 17 ሜትር ይጨመራል። አንባቢው አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንፈልጋለን። ጭነቱ የተጨመረው በ30 ኩንታል ነው፤ ጠቅላላ ክብደቱ ከ8,000 ወደ 11,000 ቢያድግ በሲሶ ጥቂት ፈቀቅ ያለ ጭማሪ ነው፤ ርቀቱ ግን ከ32 ወደ 123 ሄደ። ክብደቱና ቁልቁለቱ፣ ግለቱም፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ ስለሚሠራ ነው።

ለዚህ ያለው መድኀኒት የቆየና የታወቀ ነው፤ ዐቀበቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ ይባላል። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ሲዞር ራሱ መኪናውን ይይዛል፣ ሙቀቱም በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው በኩል ይወጣል። ነገር ግን ናፍጣ ለመቆጠብ ሲሉ ማርሹን ፎሌ አድርገው የሚወርዱ ሾፌሮች አሉ። ይህ አንድ ስኒ ናፍጣ ለማትረፍ የ200 ሊትሩን በርሚል በሙሉ ለታምቡሩ መስጠት ነው። ከዚያም በላይ ፍጥነቱ ከጨመረ በኋላ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ለመመለስ ቢሞክሩ ማርሹ አይገባም። ማርሽ የሚመረጠው ከቁልቁለቱ ራስ ላይ፣ መኪናው ገና ቀስ ብሎ ሳለ ነው።

አሁን ወደ ሾፌሮቹ አነጋገር እንመለስ። ባዶ መኪና ይዘላል የተባለው እውነት ነው። የካሚዮን ባሌስትራ የተሠራው ለጭነት ስለ ሆነ ባዶውን ሲሄድ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ የኋላ ጎማዎቹ በየጉድጓዱ ከመሬት ይነሣሉ። ፍሬኑም የተሠራው ለ8,000 ኪሎ እንጂ ለ3,000 ስላልሆነ፣ ሾፌሩ በኀይል ሲረግጠው የኋላ ጎማዎቹ ቶሎ ተቆልፈው ይንሸራተታሉ፤ መኪናውም ጭራውን ወደ ጎን ይጥላል። በዝናብ ጊዜ ይህ ባሰ ነው። እንግዲህ ልክ ያለው ጭነት ጎማውን ከመሬት ጋር ያገናኘዋል፣ ባሌስትራውንም ያላዝበዋል። ሾፌሩ በመሪው ላይ የሚሰማው መረጋጋት የሐሳብ ብቻ አይደለም። እንዲያውም ጎማው መሬት የሚይዝበት ኀይል ከክብደቱ ጋራ አብሮ ስለሚያድግ፣ ፍሬኑ በቂ ኀይል እስካለው ድረስ የተጫነውም ያልተጫነውም መኪና በተቀራረበ ርቀት ይቆማሉ። ችግሩ የሚመጣው የጎማው መያዝ ሳይሆን የፍሬኑ ኀይል ሲያልቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተጨመረው ክብደት ሁሉ ገፊ ብቻ ይሆናል። መሪው ላይ የሚሰማው መረጋጋት ግን አይቀንስም። 80 ኩንታል የጫነው ሾፌር 50 ከጫነው ይልቅ የረጋ ሆኖ ይሰማዋል፤ በሜዳው መንገድ ላይ ምንም የሚያስጠነቅቀው ነገር የለም።

ይህን ማስጠንቀቂያ የሚያጠፋ ሌላ ልማድም አይተናል፤ ባሌስትራ መጨመር ነው። ብዙ የተጫነ መኪና ጀርባው ጎብጦ ይታያል፤ ጎማውም ከመጫኛው ጋራ ይነካካል። ስለዚህ ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ወስዶ ሁለት ሦስት ቅጠል ባሌስትራ ያስጨምርበታል። መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ለሚያየው ሰው በልኩ የተጫነ ይመስላል። ነገር ግን ባሌስትራው ሲጨመር ፍሬኑ አልተጨመረም፣ ጎማው አልተጨመረም፣ የመንኰራኵሩ ዘንግም አልወፈረም። በእኛ አስተያየት ይህ ከሁሉ የከፋ ጥገና ነው፤ በሽታውን ትቶ ምልክቱን ብቻ ያጠፋልና።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ክብደቱ ብዛት ነው። የክብደቱ ቦታም ከብዛቱ ያላነሰ ነገር ነው። ግመል የሚጭን ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ የግራውንና የቀኙን ጭነት በእጁ መዝኖ እኩል ያደርጋል፣ ጭነቱንም በጎኖቿ ዝቅ አድርጎ ያስረዋል እንጂ በሻኛዋ ላይ ክምር አይሠራም። ያልተመጣጠነ ጭነት የተጫነባት ግመል ራሷ አልነሣም ትላለች። ካሚዮን ግን እምቢ ማለት አያውቅም።

አንድ መኪና በጠመዝማዛ መንገድ ሲዞር ወደ ውጭ የሚገፋው ኀይል የሚያርፈው በክብደቱ ማእከል ላይ ነው። ያ ማእከል ከፍ ባለ ቁጥር መኪናው መገልበጥ ይቀለዋል። በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት 1.70 ሜትር ቢሆን፣ የክብደቱ ማእከልም ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢገኝ፣ ሾፌሩ መዞሪያውን በፍጥነት ቢገባበት መኪናው ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል። መዞሪያው 30 ሜትር ራዲየስ ያለው ከሆነ ይህ የሚሆነው በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 52 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንሸራተት ክፉ ነገር ቢሆንም ጎማው ይጮኻል፣ መሪው ይቀላል፤ ሾፌሩ ይሰማዋል። አሁን ጭነቱ ተከምሮ ማእከሉን ወደ 1.60 ሜትር ቢያወጣው፣ ይኸው መኪና በዚሁ መዞሪያ ላይ በ45 ኪሎ ሜትር ይገለበጣል። አይንሸራተትም፣ አይጮኽም፤ የውስጠኛው ጎማ ከመሬት ሲነሣ ከኋላ ስለ ሆነ ሾፌሩ አያየውም። ባሌስትራው ወደ ውጭ ስለሚያጋድልና ያልታሰረ ጭነት ወደዚያው ስለሚንሸራተት በእውነቱ ከ45ም በታች ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የምንረዳው ቀላል ጭነት ሁልጊዜ ደኅና ጭነት አለመሆኑን ነው። ገለባ፣ ከሰል፣ ባዶ ጀሪካን፣ ጫት በኪሎ ሲታሰቡ ከሲሚንቶ ጋራ የሚወዳደሩ አይደሉም። ነገር ግን ቀላል ስለ ሆኑ ከፍ ብለው ይከመራሉ። ሃምሳ ኩንታል ሲሚንቶ በመጫኛው ወለል ላይ ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ ሃምሳ ኩንታል ሽንኩርት ግን ከሾፌሩ ጋቢና በላይ ይቆማል። ሚዛን ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ መዞሪያው ላይ ግን አይደሉም። ጫት ደግሞ ሳይጠወልግ መድረስ ስላለበት ፍጥነት ይጨመርበታል፤ መገልበጥ ደግሞ በፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን በፍጥነቱ እጥፍ ብዜት ያድጋል። ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። በዚሁ ክምር ላይ ሰው ይወጣበታል፤ ከገጠር ወደ ገበያ የሚመጡ ሴቶችና የቀን ሠራተኞች ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይጓዛሉ። የእነርሱ ክብደት ከሁሉ በላይ የተቀመጠ ክብደት ነው፤ መኪናው ባይገለበጥ እንኳ ፍሬን በተያዘ ጊዜ እነርሱን የሚይዛቸው ነገር የለም።

በውሃ ማመላለሻ ቦቴ ላይ ረዥም ነገር አንናገርም። ግማሹን ብቻ የተሞላ ቦቴ ከሞላው ይልቅ ያስቸግራል፤ ውሃው ወደ ዞረበት ይጋፋልና።

ቀፊራን ዛሬ የሞላው ባጃጅ ነው። ባጃጅ ሾፌሩንና ሦስት ሰው እንዲይዝ የተሠራ፣ በፊት አንድ በኋላ ሁለት ጎማ ያለው ነው። እነዚህን ሦስት ጎማዎች በመሬት ላይ በመስመር ብናገናኛቸው ሦስት ማእዘን ይወጣል፤ የክብደቱ ማእከል ከዚህ ሦስት ማእዘን እንዳይወጣ ነው ጭንቀቱ ሁሉ። ሦስት ማእዘኑ ከኋላ ሰፊ ከፊት ጠባብ ነው። በኋለኞቹ ጎማዎች መካከል 115 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከፊተኛው እስከ ኋለኞቹ ሁለት ሜትር ያህል አለ እንበል። የክብደቱ ማእከል ከኋላ ጎማዎቹ 70 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ሲገኝ፣ ወደ ጎን እስከ መገልበጫው መስመር 37 ሳንቲ ሜትር ይቀረዋል። ሾፌሩ ከጎኑ አንድ ሰው ቢያስቀምጥ፣ ከእግሩም ሥር ጆንያ ቢያኖር፣ ማእከሉ ወደ ፊት ተስቦ አንድ ሜትር ላይ ቢደርስ የሚቀረው 29 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ጆንያ ከኋላ ወንበር ሥር ቢቀመጥ ባጃጁን ያረጋዋል፤ ከፊት ቢቀመጥ ለመገልበጥ ያቀርበዋል። እየዞሩ ፍሬን መያዝም ይህንኑ ያደርጋል፤ ክብደቱን ወደ ጠባቡ ማእዘን ይገፋዋል።

በድሬዳዋና በሐረር ጎዳናዎች ስሟ የቆየው ፔጆ 404 በዚህ ረገድ የተለየች ናት። በፈረንሳይ አገር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራች፣ ባዶዋን ከ1,000 ኪሎ ጥቂት ብትበልጥ ነው። አራት ጎማዋ ሰፊ፣ ቁመቷ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ መገልበጥ አይቀላትም። ሆኖም ስምንት ሰው ተሳፍሮባት ሁለት ኩንታል ዕቃ በጣራዋ ፖርቶመጋላ ላይ ቢታሰር ጭነቱ ከራሷ ክብደት ሁለት ሦስተኛውን ያክላል። ዕቃው በጣራ ፈንታ ከኋላ ሳጥኗ ጫፍ ቢከመር ደግሞ ሌላ ጠባይ ታመጣለች፤ ጭራዋ ወርዶ አፍንጫዋ ይነሣል፣ የፊት ጎማዎቿ ክብደት ስለሚያጡ መሪዋ ይቀላል። ማታ ስትሄድም መብራቷ መንገዱን ትቶ የመጪውን ሾፌር ዐይን ያበራል።

ስለ ጎማ ጥቂት እንበል። ጎማ ሲዞር በየዙሩ እየተጨፈለቀ ይመለሳል፤ መጨፍለቁ ሙቀት ያወጣል። ጭነቱ ሲበዛና ነፋሱ ሲያንስ መጨፍለቁ ይጨምራል። በድሬዳዋ የቀን ሙቀት ላይ ይህ ሲጨመር የጎማው ገላ ከውስጥ ይላላና ይፈነዳል። ጎሚስታ ዘንድ የሚመጣውን የፈነዳ ጎማ የተመለከተ ሰው ሚስማር ካልተገኘበት የሚጠይቀው ስለ ጭነቱ ቢሆን ይሻላል።

መንገዱም የራሱ ሒሳብ አለው። በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ ከ1951 እስከ 1953 ዓ.ም. ድረስ በተለይ በተሠሩ መንገዶች ላይ ካሚዮኖች ሌት ተቀን እየተመላለሱ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በሙከራው የተገኘው ውጤት ዛሬም በመንገድ መሐንዲሶች ይሠራበታል፤ ይኸውም በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በመንኰራኵሩ ዘንግ ላይ ካለው ክብደት ጋራ በአራተኛ ብዜት ያድጋል የሚል ነው። የዘንጉ ክብደት እጥፍ ቢሆን ጉዳቱ ዐሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። በእኛ መኪና ላይ ብናሰላው 80 ኩንታል የጫነው 50 ከጫነው ይልቅ መንገዱን ሦስት ተኩል እጥፍ ይጎዳል፤ የሚያደርሰው ዕቃ ግን አንድ ተኩል እጥፍ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ልዩነቱን የሚከፍለው ባለመኪናው አይደለም። መንገዱ ተቦርቡሮ ጉድጓድ ሲሆን ግን የራሱ ባሌስትራ እዚያው ይሰበራል።

እስካሁን ክብደትን ስንከስስ ቆየን። የክብደት ማነስም ሰው የሚያጠፋበት ቦታ አለ፤ ያም ከቀፊራ ብዙ አይርቅም። ደቻቱ በበጋ ሰውና እንስሳ፣ መኪናም የሚመላለስበት ደረቅ አሸዋ ነው። በተራራው ላይ ሲዘንብ ግን ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ይመጣል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ በዳርቻው ያሉትን ሰፈሮች ጠርጎ ከ200 በላይ ሰዎች ገድሏል። ሾፌር እንዲህ ባለ ጊዜ «መኪናዬ ከባድ ነው፤ ውሃ አይወስደኝም» ብሎ ሊገባበት ይደፍራል። ስሌቱ ግን እንዲህ ነው። አንዲት አውቶሞቢል ከሥሯ አምስት ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አላት። ውሃው ከወለሏ በላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር፣ ወደ ውስጥ ገብቶ እስኪሞላት ድረስ፣ 500 ኪሎ ወደ ላይ ያነሣታል። 1,000 ኪሎ የምትመዝነውን መኪና ለማንሳፈፍ ከወለሉ በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል ማለት ነው፤ ከጉልበት አይበልጥም። ከመንሳፈፏ በፊትም ጎማዎቿ መሬት የሚይዙበት ክብደት እያለቀ ስለሚሄድ ገና በመንኰራኵሯ ቆማ ሳለች ወደ ጎን ትገፋለች። ካሚዮን ከፍ ያለ በመሆኑ ጥቂት ይዘገያል፤ ባዶ ካሚዮን ግን ከተጫነው ቀድሞ ይሄዳል። የሾፌሮቹ አነጋገር እዚህ ላይ እንደገና እውነት ይሆናል፤ ግን በማንኛውም ጭነት ቢሆን ወደ ጎርፍ የሚገባበት ምክንያት የለም።

በመጨረሻ ስለ ኩንታል አንድ ነገር እንበል። ፋብሪካው ለመኪናው የፈቀደው ጭነት በሊብሬው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ቀፊራ ላይ ግን ሲጫን የሚቆጠረው ጆንያ ነው። ጆንያው አንድ ኩንታል ይባላል እንጂ ሁልጊዜ አንድ ኩንታል አይደለም። ሽንኩርትና ድንች አፉ ላይ ቁልል ሠርቶ፣ በገመድ ተጠልፎ፣ ከመቶ ኪሎ አልፎ ይታሰራል። ነጋዴው ይህን የሚያደርገው ቀረጡና የመጫኛው ዋጋ በጆንያ ስለሚታሰብ ነው። እያንዳንዱ ጆንያ 115 ኪሎ ቢሆን ሃምሳውን ጆንያ በታማኝነት ቈጥሮ የጫነ ሾፌር ሳያውቅ 750 ኪሎ ጨምሯል። ከመነሣቱ በፊት ሁለት ሦስት ጆንያ በሚዛን ላይ አውጥቶ ማየት ይበቃዋል፤ ሚዛን በቀፊራ አይጠፋም። ካላየው ግን ከደንገጎ ራስ ላይ ሆኖ ማርሹን ሲመርጥ፣ በልኩ ከጫነ ይልቅ ታምቡሮቹ ዐሥራ ስምንት ሊትር ያህል ውሃ የሚያፈላ ተጨማሪ ሙቀት ይጠብቃቸዋል።